ገንዘብ ተገኝቶ ክኒን ሲጠፋ፦ ከአንድ የሕፃናት ካንሰር ክፍል የተመዘገበ ጉዳይ

ስለ ሕፃናት ካንሰር መድኃኒት ሲወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ዋጋውን ነው። ውድ ነው፣ ድሃ አገር አይችለውም፣ ረጂ ይፈለግለት ይባላል። ውድ የሆኑ መኖራቸው እውነት ነው። እኔ ግን እዚህ የምጽፈው ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ስለጠፋበት ጊዜ ነው። ሐኪም ነበር፣ የሕክምና መመሪያ ነበር፣ ቤተሰቡም እንደምንም ብሎ ገንዘብ ይዞ መጥቷል። ክኒኑ ግን የለም። ለምን እንደሌለ ስንመረምር ያገኘነው ምክንያት ሌላም ቦታ ያለ ይመስለኛልና ሌሎች ባልደረቦችም ሆኑ ወላጆች ቢያነቡት ይጠቅማል ብዬ መዝግቤዋለሁ።

የምሠራው በአንድ የክልል ሪፈራል ሆስፒታል ፋርማሲ ነው። የሆስፒታሉንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። ልጁን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም ትቻለሁ።

ከጀርባ ያለው ሁኔታ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር ይያዛሉ። ሀብታም አገሮች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ ብዙ አገሮች ደግሞ የሚድኑት ከ30 በመቶ በታች ናቸው። በሽታው ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ዘግይቶ መታወቁ፣ ሌላ በሽታ ነው ተብሎ መታከሙ፣ የተጀመረ ሕክምና መሃል ላይ መቋረጡና የመድኃኒት እጦት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 የሕፃናት ካንሰር ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴውን ሲጀምር ያስቀመጠው ግብ በ2030 ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድን ነው። እኛ ያለንበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ግብ አይደለም፣ የማይደረስበት ግን አይደለም።

ልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የካንሰር ዓይነት አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ነው። ዎርድ ውስጥ ባጭሩ ኤኤልኤል እንለዋለን። ሕክምናው በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው። ቪንክሪስቲን፣ ስቴሮይድና አስፓራጂኔዝ የሚባሉ መድኃኒቶች፣ በጀርባ በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ የሚገባ ሜቶትሬክሴት፣ ደም መውሰድ፣ ኢንፌክሽን፣ አልጋ ላይ መክረም። ከዚያ በኋላ በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጠው፣ ሜንቴናንስ የሚባለው ረጅሙ ምዕራፍ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ልጁ ቤቱ ይገባል፣ ፀጉሩ ይመለሳል፣ ይጫወታል፣ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ለሚያየው ሰው የዳነ ይመስላል። ግን በየቀኑ መርካፕቶፑሪን፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሜቶትሬክሴት ክኒን መዋጥ አለበት።

የጠፋብን መርካፕቶፑሪን ነው። ቤተሰቦች «ሲክስ ኤምፒ» ወይም «ቢጫው ክኒን» ይሉታል። አዲስ ነገር አይደለም። ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ አሜሪካ ውስጥ ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1953 ለልጆች ሉኪሚያ ተፈቅዷል። የፈጠራ መብቱ ካበቃ በጣም ቆይቷል። በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የአንዱ ክኒን ዋጋ በደህና ጊዜ ቤተሰቡ እኛ ጋ ለመድረስ ለአውቶቡስ ከሚከፍለው ጋር አይወዳደርም።

ክኒን ብቻ ስለሆነ ግን ቀላል ሕክምና ነው ማለት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ከታዘዘላቸው መርካፕቶፑሪን ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያልወሰዱ ልጆች በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ይጨምርባቸዋል። 5 በመቶ ማለት በወር አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። እኛ የምናወራው ግን ሳምንታት ስለቆየ መቋረጥ ነው።

ልጁ

ልጁ መጀመሪያ ሲመጣ የ5 ዓመት ልጅ ነበር። ትኩሳትና የፊት መገርጣት ነበረበት። አካባቢያቸው ባለ ጤና ተቋም ወባ ተብሎ፣ ቀጥሎም ደም ማነስ ተብሎ ታክሟል። እግሩን እያመመው መራመድ ሲተው ነው ሪፈር የተጻፈለት። አባትየው ገበሬ ናቸው፣ እናቲቱ ደግሞ ከሱ የሚያንሱ ልጆች ቤት ውስጥ አሉባቸው። ከቤታቸው ሆስፒታሉ ድረስ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ይዘውት የሚመጡት አባትየው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ከባድ ሕክምና በደንብ ተወጣው። መቅኒው ሲመረመር ካንሰሩ አልታየም። ሜንቴናንስ ሲጀምር 17 ኪሎ አካባቢ ነበር። መጠኑ በሰውነት ስፋት ሲሰላ በሳምንት 5 ክኒን መርካፕቶፑሪን ይደርሰዋል። 3 ቀን አንድ ሙሉ ክኒን፣ 4 ቀን ግማሽ ግማሽ። ሜቶትሬክሴት ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ 6 ትናንሽ ክኒን። አባትየው ማንበብ ስለማይችሉ ከነርሶቹ አንዷ የሳምንቱን ቀናት በሥዕል ሠርታላቸው ነበር። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ባዶ ማሸጊያዎቹን ሳይጥሉ ይዘው እየመጡ ያሳዩን ነበር። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ወላጅ ብዙ አይገኝም።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት በምክንያት ነው። ሕክምና ሲቋረጥ «ቤተሰቡ ቸልተኛ ነው» የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ቸልተኛ ቤተሰብ የለም።

መጥፋቱ

አንድ ቀጠሮ ላይ ለአንድ ወር የታዘዘው ክኒን ሙሉውን ሳይገኝ ቀረና ግማሹ ተሰጣቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ምንም አልነበረም። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አላቸው። ነገር ግን መድኑ የሚሠራው ሆስፒታሉ ወይም ውል ያለው ፋርማሲ መድኃኒቱ ሲኖረው ነው። ሁለቱም ጋ የለም። ስለዚህ ከኪሳቸው አውጥተው ከግል ፋርማሲ ገዙ። በቀጣዩ ወር የግሉ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ደግሞ በዚያም ዋጋ ጠፋ።

አባትየው መስኮቱ ላይ ቆመው ያሉኝን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፦ «ዶክተር፣ በሬ ሸጬ ገንዘቡን ይዣለሁ። የሚሸጥልኝ ሰው ነው ያጣሁት።»

እሳቸው ብቻ አልነበሩም። በዚያ ሰሞን ሜንቴናንስ ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ተመሳሳይ ችግር ላይ ነበሩ። ኮሪደሩ ላይ እናቶች ክኒን ሲበዳደሩ አይተናል። የአንዷ ልጅ ነጭ የደም ሴሉ ወርዶ ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት አቁም ካለው የሱን ለሌላዋ ትሰጣለች፣ ያቺ ስታገኝ ትመልሳለች። በጣም ደግ ሥራ ነው። ግን መድኃኒት እንዲህ መኖር የለበትም።

አንድ አደጋ ደግሞ ወዲያው ታየን። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ሜቶትሬክሴትም ቢጫ ነው። መርካፕቶፑሪን ሲያልቅ ቤት ውስጥ የሚቀረው ያ ብቻ ነው። «በየቀኑ ቢጫ ክኒን ይውሰድ» የተባለ ቤተሰብ የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ ቢሰጥ ልጁን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ነርሶቹ የሁሉንም ቤተሰብ ስልክ ይዘው አንድ በአንድ ደወሉ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ያኛው ባይኖርም በሱ ቦታ እንዳይሰጥ። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሠራናቸው ነገሮች ሁሉ ምንም ገንዘብ ያልጠየቀውና ምናልባትም ትልቁ ይህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርናቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ዘመድ ነበር። የልጁ አክስት ሪያድ ቤት ሠራተኛ ናት። የመድኃኒቱን ስም በስልክ ተነግሯት እዚያ ፋርማሲ ገባች። በሰው እጅ የመጣው ማሸጊያ ላይ የተጻፈው ግን አዛታዮፕሪን ነበር። ይህ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ መርካፕቶፑሪን የሚለወጥ ነው። ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎችና ለሌሎች ሕመሞች ይሰጣል። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ሚሊግራሙ ተመሳሳይ ቢሆንም መጠኑ እኩል አይደለም፣ የልጆች ሉኪሚያም በሱ አይታከምም። አባትየው ከመስጠታቸው በፊት ይዘውት መምጣታቸው በጀ። ሌላ ቤተሰብ ሕንድ ለሕክምና ሄዶ በሚመለስ ሰው አስልኮ ትክክለኛውን አግኝቷል። ስለዚህ በሻንጣ የሚመጣ መድኃኒት ፈጽሞ አይረዳም አልልም። አንድን ልጅ ለአንድ ወር ይረዳል። ለዎርድ ግን መፍትሔ አይሆንም። የሚልከው ዘመድ የሌለው ልጅም ይቀራል።

ሁለተኛው መዋጮ ነበር። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሰው በደንብ ሰጠ። ግን ገንዘቡ ክኒን አልሆነም፣ ምክንያቱም አገር ውስጥ የሚገዛ አልነበረም። ያ ገንዘብ በኋላ ለቤተሰቦች መጓጓዣና ለላቦራቶሪ ውሏል፣ ይህም ቢሆን ቀላል እገዛ አይደለም።

ሦስተኛው የቀረውን ማብቃቃት ነበር። ስብሰባ ላይ «ለሁሉም ግማሽ ግማሽ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ ተነሳ። ፍትሐዊ ይመስላል። ሐኪሞቹ አልተቀበሉትም። መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ለሁሉም መስጠት ሁሉንም አደጋ ላይ ይጥላል እንጂ ሁሉንም አያድንም አሉ። በመጨረሻ ከሌላ ቦታ የማግኘት ምንም ዕድል የሌላቸውን ልጆች አስቀደምን። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ተይዞ ምክንያቱ ተጻፈ፣ ለወላጆችም ተነገራቸው። ከባድ ስብሰባ ነበር። እንዲህ ያለው ውሳኔ በአንድ ፋርማሲስት ትከሻ ላይ በመስኮት በኩል መወሰን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

መዝገቡ ምን አሳየ

በዚህ መሃል አንዲት ወጣት ባልደረባችን ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። ባለፉት ዙሮች ስንት ጠይቀን ስንት መጣልን?

ሆስፒታሎች መድኃኒት የሚጠይቁት በየሁለት ወሩ በሚሞላ የሪፖርትና መጠየቂያ ቅጽ ነው። ስሌቱ የሚነሳው ከፍጆታ ነው። ባለፉት 2 ወራት ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ እንግዲህ ይህን ያህል ያስፈልጋል። ለፓራሲታሞልና ለአሞክሲሲሊን ይህ ጥሩ ይሠራል። መርካፕቶፑሪን ላይ ግን ቢን ካርዱን (የመጋዘን መቆጣጠሪያ ካርዱን) እና ሞዴል 22ቱን (የወጪ ደረሰኙን) ዘርግተን ስናይ መዝገቡ የሚያሳየው የ2 ወር ወጪ ለ3 ልጅ እንኳ የማይበቃ ነበር። ለምን? ክኒኑ ቀድሞም አልፎ አልፎ ይጎድል ስለነበር ቤተሰቦች ከውጭ ይገዙ ነበር። ከውጭ የተገዛ ክኒን የእኛ መዝገብ ላይ አይወጣም። ስለዚህ የሚቀጥለው ጥያቄ በትንሹ ፍጆታ ተሰላ። ትንሽ ተጠየቀ፣ ከተጠየቀውም ያነሰ መጣ። ያ ቶሎ አለቀ። ፍጆታው ደግሞ ይበልጥ ወረደ። በየዙሩ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ወረቀት ላይ መርካፕቶፑሪን የማይፈለግ መድኃኒት መሰለ። ዱቄት አልቆበት የተዘጋ ዳቦ ቤት ሽያጩን አይቶ «የሰፈሩ ሰው ዳቦ መብላት ትቷል» ቢል ማለት ነው።

ቅጹ ላይ መድኃኒቱ የጎደለባቸውን ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ አለ። በትክክል ቢሞላ ስሌቱን ያስተካክላል። ግን ብዙ ጊዜ ባዶውን ያልፋል። ቢሞላም መድኃኒቱ ሙሉውን 2 ወር ከጠፋ ፍጆታው ዜሮ ስለሆነ የሚስተካከል ነገር የለም። የትኛውም ማባዛት ዜሮን አያሳድገውም።

ሌላም ነገር አየን። መስኮት ላይ «የለም» ተብሎ የተመለሰ ማዘዣ የትም አይጻፍም። አባትየው ስንት ጊዜ ተመልሰዋል፣ ስንት ሌሎች ሰዎች ተመልሰዋል፣ ምንም ዱካ የለም። ሥርዓቱ የሰጠነውን ይመዘግባል፣ የከለከልነውን አይመዘግብም።

እዚህ ላይ ማንንም ሰው ለይቶ መውቀስ አይጠቅምም። አቅራቢው የሚያየው የተላከለትን ቁጥር ነው። አስመጪው የሚያየው አቅራቢው የጠየቀውን ነው። የውጭ ምንዛሪ በተቸገረ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ዕቃ ከሰልፉ መጨረሻ ይቀመጣል።

ልጆቹን መቁጠር

ስለዚህ ክኒን መቁጠር ትተን ልጆቹን ቆጠርን። ሥራው የተወሳሰበ አልነበረም። አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፈትን። በስም ፈንታ ኮድ፣ የልጁ ክብደትና ቁመት፣ ያለበት የሕክምና ምዕራፍ፣ ሜንቴናንስ የጀመረበትና የሚጨርስበት ወር፣ በሳምንት የሚያስፈልገው ክኒን። ያ ልጅ በሳምንት 5 ክኒን ይወስዳል፣ በዓመት 260 ማለት ነው። እንዲህ እያልን የሁሉንም ደመርን። አሁን ከባዱ ምዕራፍ ላይ ሆነው በጥቂት ወራት ውስጥ ሜንቴናንስ የሚገቡትን ጨመርን። በዓመቱ ውስጥ ሊመጡ የሚችሉ አዳዲስ ልጆችን ካለፉት ዓመታት የዎርዱ መዝገብ ገምተን ጨመርን። ልጅ ስለሚያድግ፣ ክኒን ሲሰበር ስለሚበላሽ፣ ትራንስፖርት ስለሚዘገይ መጠባበቂያ አከልን።

የወጣው ቁጥር ሁላችንንም ያስገረመን በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስንጠይቅ ከነበረው ብዙ እጥፍ ነበር። ሁለተኛ ደግሞ ያም ሆኖ በጣም ትንሽ ነበር። የሆስፒታላችን የሙሉ ዓመት መርካፕቶፑሪን ተደምሮ ጥቂት ካርቶን አይሞላም። ለዚህ ብቻ ብሎ ከውጭ የሚያዝዝ አስመጪ የለም። ቁጥሩ ለልጆቹ ሕይወት ነው፣ ለገበያ ግን ምንም አይደለም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ መናገር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቪንክሪስቲን እጥረት ተፈጥሮ ነበር። ከሁለቱ አምራቾች አንዱ የነበረው ቴቫ አቋረጠ፣ ፋይዘር ብቻውን ቀረ፣ የሱም አቅርቦት ሲዘገይ የዚያ አገር ሐኪሞች ለየትኛው ልጅ እንደሚሰጡ መምረጥ ግድ ሊሆንባቸው ነበር። አሮጌ፣ ርካሽና ተጠቃሚው ጥቂት የሆነ መድኃኒት አምራችም አስመጪም አይሽቀዳደምበትም። ዋጋ ማስቀነስ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲና ክሊንተን የጤና ኢኒሼቲቭ ከመድኃኒት አምራቾቹ ከፋይዘርና ከሲፕላ ጋር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ6 የአፍሪካ አገሮች የካንሰር መድኃኒት በቅናሽ እንዲቀርብ ተስማምተዋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን በቅናሽም ለመግዛት ስንት እንደሚያስፈልግህ ማወቅ አለብህ።

ስለዚህ የሚቀጥለው እርምጃ ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር መደመር ነበር። አገራችን ውስጥ ሕፃናትን በካንሰር የሚያክሙ ማዕከላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ፋርማሲስቶቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ሠንጠረዡን በቴሌግራም ላክንላቸው። እነሱም የየራሳቸውን ሞሉ። ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ከሆስፒታሎቹ አንዱ ለእኛ የሚበቃ ትርፍ መርካፕቶፑሪን ነበረው፣ የመጠቀሚያ ጊዜውም እየቀረበ ነበር። በደብዳቤ ተበደርን፣ በሞዴል 19 (በገቢ ደረሰኝ) ገቢ አደረግን። ልጁም ሌሎቹም በዚህ ክኒን ጀመሩ። ሁለተኛው ደግሞ የጋራ ቁጥር ነው። የየሆስፒታሉ ትንንሽ ጥያቄ ሲደመር ለአቅራቢው ትርጉም ያለው ትዕዛዝ ሆነ። ከሐኪሞች የተፈረመ ማብራሪያ አያይዘን ለዓመት የሚሆን በአንድ ላይ ተጠየቀ።

በዓለም ደረጃ አሁን የሚሠራውም በዚሁ ስሌት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የአሜሪካው ሴንት ጁድ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የሕፃናት ካንሰር መድኃኒት ማዳረሻ መርሐ ግብር ሲያስታውቁ ሴንት ጁድ 200 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። የብዙ አገሮችን ፍላጎት ደምሮ ጥራቱ የተረጋገጠ መድኃኒት በነፃ ማድረስ ነው ሐሳቡ። የመጀመሪያዎቹ ጭነቶች ሞንጎሊያና ኡዝቤኪስታን የደረሱት እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ነው። ከማስታወቂያው እስከ መጀመሪያው ጭነት ከ3 ዓመት በላይ ሄዷል። አንዳንዱ ሰው ዘገየ ይላል። እኔ ግን አገሮች ልጆቻቸውን ቆጥረው፣ የሕክምና መመሪያቸውን አስማምተው፣ የማስገቢያ ፈቃዱን አስጨርሰው እስኪዘጋጁ ምን ያህል ሥራ እንዳለ በትንሹ ስላየሁት አይገርመኝም።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

የጋራው ትዕዛዝ ሠራ፣ ነገር ግን ዘገየ። ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ከጥያቄ እስከ መጋዘን ብዙ ወራት ይወስዳል። ብድሩ ባይኖር ኖሮ ጥሩ እቅዳችን ለነዚያ ልጆች ምንም አያደርግላቸውም ነበር።

የተመለሱ ማዘዣዎች መዝገብም ሠራ። አንድ ተራ ደብተር ነው። መስኮት ላይ የሚቀመጥ፣ «የለም» የተባለ ሁሉ የሚጻፍበት። መጀመሪያ ባልደረቦች ተጨማሪ ሥራ ነው ብለው አልወደዱትም፣ በኋላ ግን ለአስተዳደሩ ሲቀርብ ከማንኛውም ንግግር በላይ አሳማኝ ስለሆነ ራሳቸው ያዙት።

ሌላው የሠራው ከቀጠሮ በፊት መደወል ነው። ቤተሰብ ሙሉ ቀን ተጉዞ «የለም» ከመባሉ በፊት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይነገረዋል። መድኃኒቱ ካለ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥለታል። ለርቀት ቤተሰቦች የደም ምርመራውን ቅርባቸው ባለ ሆስፒታል አሠርተው ውጤቱን ፎቶ አንስተው እንዲልኩ፣ ክኒኑንም ለረዘም ያለ ጊዜ እንዲወስዱ ተፈቀደ። የዚህ ልጅ አባት ከዚህ በጣም ተጠቅመዋል።

ያልሠራው የመድኑ ጉዳይ ነው። ከውጭ በደረሰኝ የገዙትን እንዲመለስላቸው ጠየቅን፣ ደብዳቤ ጻፍን። የተመለሰላቸው የሉም። የተሸጠው በሬም አልተመለሰም። ለሚቀጥለው ዓመት መድኑ ውል ያለው ፋርማሲ እነዚህን መድኃኒቶች እንዲይዝ በዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፣ ያ ብቻ ነው የተገኘው።

በዚያ ጊዜ ቀጠሮ አቋርጠው የቀሩ ልጆችም አሉ። ስልክ የማይሠራ፣ አድራሻ የተሳሳተ። ጥቂቶቹን በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በኩል አገኘናቸው፣ ሌሎቹን አላገኘንም። አንዲት ልጅ ደግሞ በሽታው አገርሽቶባት ተመልሳለች። የሷ ማገርሸት ከመድኃኒቱ መቋረጥ ጋር ይያያዛል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ስለ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ መናገር አይቻልም፣ ሙሉ መጠን ወስዶም የሚያገረሽበት ልጅ አለ። እናቷ ግን ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ይዛው ትኖራለች፣ ይህ ራሱ የክኒኑ መጥፋት ያስከፈለው ዋጋ ነው።

ልጁ ከአንድ ወር በላይ መርካፕቶፑሪን ሳይወስድ ቆይቶ ቀጠለ። የቀረውን ጊዜ ሳያቋርጥ ጨረሰ። አሁን ሕክምናውን ጨርሶ ለክትትል ብቻ ይመጣል። እስካሁን የደም ውጤቱ ደህና ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሊሄድ የሚችለው ትልቁ ነገር፣ ተጠቃሚው ጥቂት ለሆነና ለተወሰነ ጊዜ በየቀኑ ለሚወሰድ መድኃኒት ፍጆታ ላይ የተመሠረተ ስሌት ብቻውን አይበቃም የሚለው ነው። ልጆቹ በስም ይታወቃሉ። ክብደታቸው ይታወቃል። መቼ እንደሚጨርሱ ይታወቃል። እንዲህ የሚታወቅ ፍላጎት በግምት ሊሠራ አይገባም። ይህ ለካንሰር ብቻ አይደለም፣ ሄሞፊሊያ (ደም ያለመርጋት ሕመም) ላለባቸውና የኩላሊት ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸው ሰዎችም ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

ሠንጠረዡን ፋርማሲው ብቻውን ከያዘው በሁለት ወር ውስጥ ያረጃል። እኛ ጋ የቆየው ዎርዱ ስለሚያድሰው ነው። አዲስ ልጅ ሲገባ ወይም ምዕራፍ ሲቀይር ነርሷ ትጽፋለች፣ ፋርማሲው በወር አንድ ጊዜ ከመጋዘኑ ጋር ያስተያያል። ከ3 ወር በታች የሚበቃ ከቀረ ያኔ ነው ጩኸት የሚነሳው እንጂ ካለቀ በኋላ አይደለም። ይህን የሚሠራ ሰው ሲቀየር ሥራው አብሮት እንዳይሄድ በሥራ መዘርዝር ውስጥ መግባት አለበት። እኛ ጋ አሁንም አልገባም፣ አሁንም በሰው ቅንነት ላይ ነው የቆመው።

ለወላጆች የምለው አንድ ነገር አለ። መድኃኒት ከውጭ አገር ለማስመጣት ከተገደዳችሁ የማዘዣውን ፎቶ ላኩ እንጂ ስሙን በስልክ አትንገሩ፣ የመጣውን ደግሞ ከመስጠታችሁ በፊት ለፋርማሲስት አሳዩ። ውጭ ያላችሁ ዘመዶችም «ተመሳሳይ ነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። የማሸጊያውን ፎቶ መጀመሪያ ለቤተሰቡ ላኩ።

አሁን እየሠራንበት ያለው አስፓራጂኔዝ ነው፣ ይህ ከክኒኑ በጣም ይከብዳል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ የመብራት መቆራረጥ አይችልም። ጥራቱም ከአምራች አምራች ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ብራዚል ውስጥ መንግሥት ባስመጣው አንድ ምርት ላይ የሕፃናት ካንሰር ሐኪሞች ተቃውሞ አንስተው ሲመረመር ብዙ የባክቴሪያ ፕሮቲን ብክለት ተገኝቶበታል። ስለዚህ እዚህ ላይ ልጆቹን መቁጠር ብቻ አይበቃንም፣ የሚመጣው ምርት ማን እንደሠራውና በምን ሁኔታ እንደተጓጓዘም መከታተል አለብን። ለፋርማሲው ፍሪጅ የሙቀት መመዝገቢያ ተገጥሟል፣ ጄኔሬተሩም ከፍሪጁ መስመር ጋር ተያይዟል። ከሌሎቹ ማዕከላት ጋር የጋራ ጥያቄው ተልኳል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።